ሦስት ጊዜ በተረከዝ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ፣ ኦክላንድ ውስጥ ባለ አንድ የአምልኮ አዳራሽ፣ ማንም ያልቆመበት መድረክ በተረከዝ ሦስት ጊዜ ተመታ። እኔ ከመድረኩ አራት እርምጃ ርቄ ተቀምጬ ነበር፣ መቅረጫዬም ክፍት ነበር።

ከዚህ ሳልቀጥል አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንዲህ ባለ ነገር አምኜ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ዜና ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ አስራ አንዱን አዲስ አበባ፣ የቀረውን እዚህ ቤይ ኤሪያ ላሉ የአማርኛ አንባቢዎች፣ እናም ሕልም አየሁ፣ ጥላ አየሁ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ የሚል ሰው ሲደውልልኝ እስከ መጨረሻው አዳምጬ፣ «ሌላ ያየ ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ደንቤ አንድ ነው፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ያንኑ ነገር ካልነገሩኝ አልጽፍም። ይህቺን ደንብ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ገንዳ ነው። ከኤመሪቪል ድንበር አጠገብ አዳራሽ ያለው አንድ የአማርኛ ጉባኤ፣ ምእመናኑን የሚያጠምቀው ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ገንዳ እየተዋሰ ነበርና፣ ዘንድሮ የራሱን ገንዳ ከመድረኩ ሥር ለማስገባት ወሰነ፣ እኔም አጭር ዜና ልሠራ ሄድኩ። ሥራውን የያዙት ጋሽ ተካ ናቸው። ጋሽ ተካ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜ የቲያትር ቤት አናጢ ነበሩ፣ እዚህ ደግሞ የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት፣ ወንበር የሚጠግኑት፣ እሑድ ጠዋት ቀድመው ከፍተው ማታ መጨረሻ የሚዘጉት እሳቸው ናቸው።

ምንጣፉንና ኮምፔንሳቶውን ሲያነሱ ከሥር አሮጌ ጣውላ አገኙ፣ ጣውላው ላይ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ክዳን አለ፣ ከክዳኑ ሥር ደግሞ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ግድግዳው በሳንቃ የተሸፈነ ጉድጓድ። «ቆፍረው ጨርሰውልናል እኮ» አሉኝ እየሳቁ። ቤቱ ከጉባኤው በፊት መጋዘን፣ ከመጋዘኑ በፊት ጋራዥ ነበር፣ ከዚያ በፊት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልባ ኮሜዲ የሚቀረጽበት ትንሽ ስቱዲዮ ነበር። እነዚያን ፊልሞች ታውቋቸዋላችሁ፣ ሰው ከመሰላል ይወድቃል፣ በሳንቃ ይመታል፣ ዱቄት ይደፋበታል፣ ተነሥቶ ይሮጣል፣ ሕዝቡ ይስቃል።

ማክሰኞ ዕለት ቃለ መጠይቁን ስንጨርስ ጋሽ ተካ ወደ መቅረጫዬ አመለከቱ።

«ሰብለ፣ እሱን ነገር አጥፊው እስቲ።»

አጠፋሁት።

«ታች ሆኜ ስሠራ፣ ላይ ይረግጣሉ።»

«ማን ነው የሚረግጠው?»

«እሱን ባውቅ አንቺን ምን አስቸገረኝ? ሦስት ጊዜ፣ በተረከዝ፣ ረጋ ብሎ። ወጥቼ ሳይ ሰው የለም፣ በሩም ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ በዚያ ትልቅ መስኮት ገብታ መድረኩ ላይ ስታርፍ። ደመና በሆነ ቀን አይመጣም።»

«ለፓስተሩ ነገሩ?»

«ነገርኳቸው። መጥተው ጸለዩ፣ ገሠጹትም። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። እኔ ደግሞ ምን አጠፋ ብዬ ልገሥጸው? ሳያንኳኳ የማይገባ ጨዋ ነው።»

ሳቅን። ከዚያ እሳቸው መሳቃቸውን ተዉ፣ በካቻቢቴያቸው የጣውላውን ጠርዝ እየነኩ ስለ ድሮ ሥራቸው አወሩኝ። ቲያትር ቤት ተዋናይ በወለል ክዳን ወደ ታች ሲወርድ፣ ከሥር ሆነው ፍራሽ የሚያነጥፉት እሳቸው ነበሩ። ላይ ያለው በተረከዙ ሦስት ጊዜ ይረግጣል፣ አለህ ወይ ማለቱ ነው። ፍራሹ በቦታው ካለ፣ ታች ያለው በመዶሻ እጀታ አንድ ጊዜ ይመታል።

«ካልመታሁ አይወርድም። የፈለገውን ያህል ይጠብቃል እንጂ አይወርድም።»

«ታዲያ ለዚህኛው መለሱለት?»

እንደ ሰደብኳቸው አዩኝ። «ፍራሽ ሳላነጥፍ?»

ለምን እንደነገሩኝ የገባኝ ቀጥሎ ነው። ልጃቸው ሜሮን ሳን ሆዜ ትኖራለች፣ ሚልፒታስ ትሠራለች። አባቷ ፍሪዌይ ላይ ሁለት ጊዜ መንገድ ስለጠፋባቸው ለማስታወስ ችሎታ ምርመራ ክሊኒክ ወስዳቸው ነበር፣ እዚያ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ይሰማሉ?» የሚል ነው፣ ጋሽ ተካ ደግሞ መዋሸት የማይችሉ ሰው ናቸው።

«ምን አሉ?»

«አዎ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አልኩ። ሜሮን ይህንን ስትተረጉም ዓይኗ እንባ ሞላ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተመልሰን እንሄዳለን፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉን ለጉባኤው፣ መኪናውን ለሷ፣ እኔ ራሴን ወደ ሳን ሆዜ።» ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከተቱ። «ልጄ ቤት መሄድን አልጠላሁም። ግን ደክሞታል ተብሎ መሄድና አእምሮው ተነክቷል ተብሎ መሄድ አንድ ነው? አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ገንዳው ሳይገባ፣ ቅዳሜ ፍራሽ አነጥፌ እመልስለታለሁ። ውኃ ከተሞላ በኋላ ቢወርድስ? አንቺ ላይ ሆነሽ ጠብቂ። ከሰማሽ ሰማሁ በይ፣ ካልሰማሽ አልሰማሁም በይ። አንቺን ያምኑሻል።»

እሺ አልኳቸው።

ሐሙስ ዕለት፣ ማንኛውንም ዜና እንደምሠራው፣ የቤቱን ታሪክ ልፈልግ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ዶሎረስ የምትባል ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አገኘሁ፣ ሴት አያቷ እዚያ ስቱዲዮ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ እሷም ከአያቷ የቀሩትን ጥቂት የፊልም ቁርጥራጮች ኮምፒውተር ላይ አስገልብጣ ትይዛለች። ልብ በሉ፣ ስለ ጋሽ ተካ አንድ ቃል አልነገርኳትም፣ ስለ ቤቱ ብቻ ነው የጠየቅሁት።

አንዱን ቁራጭ ከፈተችልኝ። ፊቱን ነጭ የተቀባ፣ ኮቱ የጠበበው፣ ሱሪው የሰፋው ቀጭን ሰው ነው። አንድ ግዙፍ ሰው ሳንቃ ይዞ ያባርረዋል፣ ጠረጴዛ ይገለበጣል፣ ቀጭኑ ሰው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ መድረኩ መሐል ቆሞ ወደኛ ያያል። ፊቱ ይስቃል። ቀኝ ተረከዙ ግን ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ይረግጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ከሥር ፍራሽ ያለበትን ሰውዬ እየጠየቀው ነው» አለች ዶሎረስ፣ «ከታች አንድ ጊዜ ከተመታለት ይወድቃል። ፊልሙ ድምፅ የለውም፣ ቢያንኳኩ ማን ይሰማቸዋል? አያቴ ናት የነገረችኝ።»

ቀጭኑ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ፈገግታው እዚያው አለ፣ ዓይኑ ግን ወደ እግሩ አንዴ ወርዶ ይመለሳል። ይጠብቃል። ቁራጩ እዚያ ላይ ያልቃል።

«ይወድቃል?»

«አላውቅም። አያቴን ስለዚህ ሰውዬ በጠየቅኋት ቁጥር ወሬ ትቀይር ነበር።» ከዚያ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ በዚያ ዘመን በመብራት ሳይሆን በፀሐይ ይቀረጽ እንደነበር፣ ያ ቤት ደግሞ ብርሃን የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ እንደነበር ነገረችኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ለጋሽ ተካም አልነገርኳቸውም፣ ምንጭን ከምንጭ ጋር አልደባልቅም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ወጥ ቤቱን፣ መጸዳጃውን፣ የዕቃ ክፍሉን አየሁ፣ ሰው የለም፣ ሁለቱንም በሮች ራሴ ቆለፍኩ። ሰው እንዳይወድቅ ብለው ጋሽ ተካ የወለሉን ክዳን በስምንት ብሎን አጥብቀውት ነበር፣ ስምንቱንም ቆጠርኩ፣ ላዩ ላይ ቆሜ ሞከርኩት፣ አይነቃነቅም። እሳቸው በመድረኩ ጎን ባለችው ትንሽ በር ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ፍራሽ እየጎተቱ። የራሳቸው የአልጋ ፍራሽ ነበር።

«ሌላ አልነበረም?»

«ሰው ሊወድቅበት ነው፣ ደህናው ይሁን ብዬ ነው» አሉ ከውስጥ።

መቅረጫውን መድረኩ ጠርዝ ላይ አድርጌ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የወጥ ቤቱ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ ሩቅ ባቡር ጮኸ፣ ሌላ የለም። ፀሐይዋ ቀስ ብላ በመስኮቱ ገባች፣ መጀመሪያ የሰባኪውን አትሮንስ፣ ከዚያ ጣውላውን ያዘች፣ የመጋዙ ብናኝ ክዳኑ ላይ በብርሃኑ ይታይ ነበር። ጋሽ ተካ አንዴ ሳሉ።

መጀመሪያ በስተግራ ያለው ጣውላ ሲጥ አለ። አሮጌ እንጨት ሲሞቅ ይጮኻል፣ ይህን አውቃለሁ፣ ማስታወሻዬ ላይም «ሙቀት» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው ጣውላ ጮኸ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እመኑኝ፣ በእርምጃ ልክ፣ ወደ መሐል፣ ክዳኑ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ሦስት ጊዜ። ከፍ ያለ ድምፅ አልነበረም፣ ጠንካራ የጫማ ተረከዝ እንጨት ላይ ሲያርፍ ያለው ድምፅ ነው፣ በእያንዳንዱም ምት ክዳኑ ላይ ያለው ብናኝ ትንሽ ብድግ ብሎ ተመለሰ። ሰዓቴን አየሁ። ተኩስ ባለበት ቦታ ቆሜ ጽፌ አውቃለሁ፣ ግን በዚያ ደቂቃ የጻፍኩትን መስመር ዛሬ ማንበብ አልቻልኩም።

ከታች፣ አንድ ጊዜ፣ የመዶሻ እጀታ ተመታ።

እስከ አምስት ሊቆጠር የሚችል ጊዜ አለፈ። ከዚያ ከክዳኑ ሥር የሆነ ነገር ፍራሽ ላይ ወደቀ፣ የፍራሹ ስፕሪንግ ጮኸ፣ ክዳኑ ግን አልተንቀሳቀሰም። የጋሽ ተካ ድምፅ ተሰማኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚባል።

«አይዞህ። አይዞህ፣ ወርደሃል።»

ጎንበስ ብዬ በትንሿ በር ገባሁ። ጋሽ ተካ ጥግ ይዘው ቆመዋል፣ የእጅ ባትሪያቸው ፍራሹ ላይ በርቷል። ፍራሹ መሐሉ ገብቶ ነበር፣ ሰው የተኛበት ያህል፣ እያየሁትም ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አየሽ?» አሉኝ።

«አየሁ» አልኳቸው።

ሜሮን አስር ሰዓት ላይ መጣች። በሩን ከፈትኩላት፣ አባቷን አቧራ ለብሰው ስታያቸው፣ ጎንበስ ብላም ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባዬ፣ የአልጋህ ፍራሽ ነው? ሲሪየስሊ? ዛሬ ምን ላይ ልትተኛ ነው?»

«ተጠቅመንበታል፣ አሁን ይመለሳል።»

«ተጠቅመንበታል ከነማን ጋር?» ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰብልዬ፣ አንቺ ሪፖርተር ነሽ። አባዬ የሚለውን ነገር ሰማሽ? ጀስት ንገሪኝ። ዓርብ አፖይንትመንት አለን፣ ምን ብዬ እንደማወራ ማወቅ አለብኝ።»

ጋሽ ተካ እኔን አላዩኝም፣ መዶሻቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር።

«ድምፅ ነበር» አልኩ። «ምንጩን ግን አላረጋገጥኩም።»

«ስለዚህ አልሰማሽም።»

ማረም ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ዝም አልኩ፣ ያላስረዳሁትን ነገር ሰማሁ ማለት በዚያች ሰዓት ሥራዬን የማፍረስ ያህል ሆነብኝ፣ ሜሮንም ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደችው።

ጋሽ ተካ የአዳራሹን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥተው ለልጃቸው ሰጡ። «አትጫኛት ሜሪዬ» አሏት፣ «ሥራዋ ነው።» ፍራሹን ተሸክመው ሲወጡ ላግዝዎ ብል አልፈቀዱም።

እሑድ ጠዋት መቅረጫውን አዳመጥኩት። ሦስቱም አሉ፣ አንዱም አለ፣ ውድቀቱም፣ «አይዞህ» ማለታቸውም። ተጠራጣሪ ሰው የሚለውን ለራሴ አልኩ፣ ፍራሹ ላይ ራሳቸው ወድቀው ይሆናል። ይሆናል። ሦስቱ ግን ከላይ ነበሩ፣ ብናኙም በዓይኔ ሥር ነበር የዘለለው። ማስታወሻዬን ገለጥኩ፣ የማክሰኞው ገጽ ላይ የጋሽ ተካ ቃል፣ የሐሙሱ ገጽ ላይ የዶሎረስ ቃል፣ ሦስት በተረከዝ፣ አንድ ከሥር፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት። ዶሎረስ ጋ ደወልኩ። ያን አዳራሽ ረግጣው አታውቅም፣ ከጉባኤው ሰዎች ማንንም አታውቅም። ቁራጩን እንደገና እንድታይልኝ ለመንኳት፣ አየችው፣ ቀጭኑ ሰው አሁንም ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ተካም ዶሎረስ የምትባል ሴት መኖሯን አያውቁም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ነገር። ደንቤ ከሐሙስ ጀምሮ ተሟልቶ ነበር። ደንቡ ስለ ማረጋገጥ እንጂ ስለ ማስረዳት አንድ ቃል የለውም፣ ያንን የጨመርኩበት እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በጋሽ ተካ ላይ።

ለሜሮን ደወልኩላት።

«ሰምቻለሁ» አልኳት። «ቅዳሜ የነገርኩሽ ትክክል አልነበረም።»

መኪና ውስጥ ነበረች፣ የፍሬቻዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። «ታዲያ ምን ነበር?»

«አላውቅም። ግን የሰማው አባትሽ ብቻ አይደለም።»

«ይሄንን ለእኔ ሳይሆን ለዶክተሩ ትያለሽ?»

«እላለሁ።»

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሳን ሆዜ ክሊኒኩ ውስጥ አራት ነበርን፣ ነርሷ፣ ጋሽ ተካ፣ ሜሮንና እኔ። ነርሷ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ጠየቀች፣ ሜሮን ተረጎመች፣ ያ ጥያቄ ደረሰ።

«አባዬ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለህ ወይ ትላለች።»

ጋሽ ተካ ወደ እኔ ዞሩ። «ብቻዬን የምሰማው የለም። ያንን እሷም ሰምታዋለች።»

ስሜን፣ ሥራዬን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሰጠሁ። ነርሷ ጻፈችው። በኋላ የገባው ዶክተር መርሳታቸው ከዕድሜያቸው ብዙ እንዳልራቀ፣ ፍሪዌይ ላይ ግን ባይነዱ እንደሚሻል ተናገረ፣ ስለ ድምፁ ምንም አላነሣም። ፓርኪንጉ ላይ ሜሮን ቁልፉን አውጥታ አባቷ እጅ ላይ አደረገችው።

«ቁልፉን ውሰድ። መኪናውን ግን አልሰጥህም፣ ባቡሩ፣ ባርት አለ፣ እኔም አለሁ።»

«ባርት ላይ ድምፅ ብሰማስ?»

«ባርት ላይ ሁሉም ሰው ይሰማል አባዬ።»

ከእህል ውኃ በፊት ገንዳውን ልየው አሉ። እሳቸው በሌሉበት ሳምንት ሌሎች አናጢዎች የፋይበርግላሱን ገንዳ ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሞልተው፣ የጎኗን በር በኮምፔንሳቶ ደፍነው፣ ለእሑድ ጥምቀት ሐሙስ ማታ ውኃ ሞልተውት ነበር። ሦስታችን ኦክላንድ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ጋሽ ተካ በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱ። ፀሐይዋ መድረኩ ላይ ነበረች።

ክዳኑን አነሡት። ውኃው ከክዳኑ በታች አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ሞልቷል፣ እጄን ነከርኩ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እስከ ወለሉ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ውስጡ ምንም የለም። መልሰው ገጠሙት። የሌላ ሰው ሥራ ነውና ጥንካሬውን ለመሞከር ላዩ ላይ ወጡ፣ መሐሉ ላይ ቆመው በተረከዛቸው ሦስት ጊዜ ረገጡ።

ከክዳኑ ሥር አንድ ጊዜ ተመታ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነበር፣ ሦስታችንም ሰማን።